ሰባት ሰከንድ የቀረው ፈረስ

ሸምሰዲንን የጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ብጽፍ ማጋነን ይሆንብኛል። እኛ ባለንበት መንገድ ግን ጠይቁ፤ ልጁም ሽማግሌውም ቤቱን ያሳያችኋል። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። ቀጭን ነው፤ ጢሙን ሂና ይቀባል፤ ሲራመድ ትከሻው ከእግሩ ይቀድማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሊሙ ገነት አጠገብ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ሆኖ ይሠራል። የቀሩትን ወራት ጅማ ቤቱ ተቀምጦ ባለቤቱን መድናን ያስቸግራል። ይህን ያለችው እሷ ናት፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

በሥራው የሚስተካከለው የለም። ታጥቦ የወጣው ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ አንዷን ፍሬ ያነሣና በጥርሱ ነከስ ያደርጋታል። «አሥራ አራት» ይላል። ሠራተኞቹ በመለኪያ ይለኩታል፤ ርጥበቱ አሥራ አራት ሆኖ ይገኛል። የማጠቢያው ባለቤት ከአዲስ አበባ ደውሎ «ሸምሰዲን፣ ለመድረስ ስንት ቀን ቀረው?» ሲለው ግን ይቆጣል።

«ጌታዬ፣ ቡና ቀን አይጠየቅም። የሚጠየቀው ምን ያህል ውሃ እንደቀረበት ነው።»

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲሠራ «ስንት ቀን ቀረ» ለሚል ጥያቄ አንድ ጊዜም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። የቀረውን ያያል እንጂ ጊዜ አይቆጥርም። በዚህ ጠባዩ መሬት ላይ ተከብሮበታል። ሰማይ ላይ ግን ይኸው ጠባይ መሣቂያ አደረገው።

ስለ ሰማዩ ከመናገሬ በፊት ስለ ስሙ ልናገር፤ ነገሩ የጀመረው ከስም ነውና።

ጅማ ውስጥ የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ፈረሱ ቦራ ከሆነ ጌታው አባ ቦራ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። የሸምሰዲን አያት አባ ጨብሳ ነበሩ። አባቱ አባ ሻሾ ነበሩ። የአጎቶቹ ልጆች እንኳ፣ አንዱ በበቅሎ፣ አንዱም ለሁለት ሳምንት በተዋሰው ፈረስ፣ እንደምንም ብለው ስም አግኝተዋል። ሸምሰዲን ፈረስ ኖሮት አያውቅም። ከአልጋ አልጋ በእግሩ ይዞራል፤ ከሊሙ ጅማ በአይሱዙ ይመላለሳል። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ እንግዳ ሲተዋወቅ፣ «ይሄ አባ ገሮ ነው፤ ይሄ አባ ሞቲ ነው፤ ይሄ ደግሞ…» ይባልና ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ «…ሸምሰዲን ነው።»

«ስሜን ጠልቼው አይደለም» አለኝ አንድ ቀን። «ያቺ መሃል ላይ ያለችው ዝምታ ናት የምታንገበግበኝ።»

ዘንድሮ ደግሞ ዝምታዋ ከወትሮው ልትብስ ነበር። ልጁ ሂንድ መስከረም ላይ ልትዳር ነው፤ የሙሽራው ቤተሰብ የሊሙ ገነት ሰዎች ናቸው። ሸምሰዲንን እዚያ ሁሉም የሚያውቀው «የአልጋው ሰውዬ» እያለ ነው። የሙሽሪት አባት በሠርጉ ቀን፣ በሁለት ዘር ሽማግሌዎች ፊት፣ «የአልጋው ሰውዬ መጣ» ተብሎ ሲጠራ አስቡት። እሱ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲያስበው ነበር።

ስም የሚሰጡት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የአባቱ ታናሽ ወንድም አባ ቦራ ሸቤ ይኖራሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ፈረስ በመግራት የታወቁ ነበሩ፤ ስም ሲሰይሙ አይቀልዱም። ሌላው የወንድማቸው ልጅ አብዱልሃዲ አይሱዙ ገዝቶ «በዚህ ስም ስጡኝ፣ የዘመኑ ፈረስ ይሄ ነው» ብሎ ለምኗቸው ነበር። እሺ ሊሉ ትንሽ ሲቀራቸው አይሱዙው ፍሬን በጥሶ ቁልቁል ሄደና ከጎረቤት እንሰት ውስጥ ገብቶ ቆመ። አባ ቦራ ምርኩዛቸውን ይዘው ሄደው አዩት።

«ፈረስ የሚቆመው ጌታው የፈለገው ቦታ ላይ ነው» አሉ። «እንሰት ሲያገኝ የሚቆም ፈረስ የለም።» ነገሩ በዚህ አለቀ።

እንግዲህ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሚውልበት በአንዱ ቀን፣ ሸምሰዲን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ሊያባዛ ሩፈይዳ ዘንድ ገባ። ሩፈይዳ የእህቱ ልጅ ናት። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አላት፤ በስተጓሮ ባለው ክፍል ደግሞ ሦስት ኮምፒውተር አስቀምጣ ጌም ታስጫውታለች። አጎቷን «ኤሱማ» ብላ ትጠራዋለች፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። ከጎኗ ሞባይል የሚጠግነው ዮኤል ሥራ ሲቀዘቅዝ ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ላይ ተተክሎ ይውላል። ያን ዕለትም ተተክሎ ነበር።

ጨዋታው አንድ ሰው ብቻውን መንኮራኩር እየነዳ በጠፈር ውስጥ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ዕቃ የሚያደርስበት ነው። ተኩስም አለው ይላሉ፤ ሸምሰዲን ተኩስ አይወድም። ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

«እነዚህ ሰዎች ቡናም ይጭናሉ?» አለ።

ሩፈይዳ ዝርዝሩን አየችለት። ቡና አለ።

«የታጠበ ነው ደረቅ?»

«አይልም ኤሱማ።»

«እንዴት አይልም? ደግሞ ሳይለዩ ነው የሚጭኑት?»

ዮኤል እንግዲያው እርስዎ ለይተው ይጫኑላቸው ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት። ጀማሪ የሚሰጠው መንኮራኩር አመድማ፣ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ ጎኑ የተጫጫረ ነገር ነበር። ጨዋታው ከሁሉ በፊት ለመንኮራኩሩ ስም አውጡለት ይላል።

«ስም ይፈልጋል» አለች ሩፈይዳ፣ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አዘጋጅታ።

ሸምሰዲን ስክሪኑን ትክ ብሎ አየ። አመድማ ፈረስ ዳለቻ ይባላል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው።

«ዳለቻ በይው» አለ። ይህን ካለ በኋላ፣ ሩፈይዳ እንደነገረችኝ፣ ከወንበሩ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። በዚህ ፈረስ ስም የማግኘት ሐሳቡ ያኔ ነው የመጣለት።

መነሣቱ ቀላል ነበር። ጣቢያውን ለቆ፣ የፍጥነቱን ማንሻ እስከ ጥግ ገፍቶ፣ ከዋክብት እንደ ዝናብ ወደ ኋላ ሲሄዱ ደስ አለው። መድረሱ ግን ሌላ ነው። ከስክሪኑ ጥግ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የላይኛው ምን ያህል ርቀት እንደቀረ ይናገራል፤ የታችኛው በዚህ ፍጥነት ከቀጠልክ ስንት ሰከንድ እንደቀረህ ይናገራል። ሸምሰዲን የትኛውን እንዳየ መገመት አያቅታችሁም።

«ይቀንሱ ኤሱማ!»

«ገና ነው።»

«ይቀንሱ እንጂ!»

«ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል እኮ! ከዚህ አዲስ አበባ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። ሦስት መቶ ሺህ የቀረው ሰው ፍሬን ይይዛል?»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ጣቢያው በግራ በኩል እንደ ዝንብ ቭው ብሎ አለፈ።

«የት ሄደ?»

«እሱስ የትም አልሄደም» አለ ዮኤል። «እርስዎ ነዎት የሄዱት።»

ጠፈር ውስጥ ያለፈ ሰው ወደ ኋላ ማርሽ የለውም። እንደ ከብት ነጂ ትልቅ ዙር ዞሮ እንደገና መምጣት አለበት። ሸምሰዲን ዞረ። በቀኝ በኩል አለፈ። ዞረ። በላይ አለፈ። ዝናቡ አባርቶ፣ ጥሪ ወረቀቱ ተባዝቶ፣ ደንበኞች ተፈራርቀው፣ እሱ ሰባት ጊዜ አልፏል።

«ጋሼ» አለ ዮኤል ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ «ያ ቡና ሰማይ ላይ ሻገተ እኮ።»

ሠላሳ ሰባት ዓመት አንዲት ፍሬ ያላሻገተ ሰው ነው። የዚያን ቀን እራት እንዳልበላ መድና ነግራኛለች።

በማግስቱ ጠዋት አባ ቦራ ዘንድ ደወለ። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም። ሽማግሌው ግን ረጋ ብለው ሰምተው ሦስት ነገር ጠየቁት አሉ። ብቻህን ነው የምትጋልበው? ብቻዬን። ስም አለው? አለው፣ ዳለቻ ነው። ልጓም አለው? እዚህ ላይ ሸምሰዲን ትንሽ ዘገየና «አለው» አለ።

«እንግዲያው የነሐሴ መጀመሪያ ሐሙስ ለሐኪም ጅማ እመጣለሁ። ከሐኪሙ በኋላ ልጓሙን ታሳየኛለህ። የፈለግክበት በር ላይ ካቆምከው አባ ዳለቻ ትባላለህ። ካለፈህ ደግሞ ፈረስህ የሠራው ያው ነውና አባ ደርቤ ትባላለህ። ተስማማህ?»

ደርቤ በኦሮምኛ «አለፈ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ ጀናዛ ድረስ አይለቅም። ሸምሰዲን ተስማማ።

«አንተ ሰው ጤና የለህም» አለችው መድና ስትሰማ። «ስም የሌለው መሆን ይሻልህ ነበር። አሁን የኔ ልጅ የአባ ደርቤ ልጅ ተብላ ትዳር?»

«አላልፍም።»

«ትናንት ከሱቅ ስኳር ግዛ ብዬህ ሱቁን አልፈህ መስጊድ ድረስ ሄደህ አይደል የተመለስከው?»

«እሱ ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

«ሰማይ ላይ ሐሳብ የለም?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ሸምሰዲን በሩፈይዳ ጓሮ አሳለፋቸው። ሩፈይዳ ትዕግሥተኛ ናት፤ ያስተማረችኝ እሷ ብትሆን ትምህርቴን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ የምገፋ ይመስለኛል።

«የላይኛውን ቁጥር ይተዉት ኤሱማ። የታችኛውን ይዩ። ሰባት ሰከንድ ሲል ማንሻውን ወደዚች ሰማያዊ መስመር ይመልሱና ሰባት ላይ ያቆዩት። ከአምስት በታች ከወረደ አለቀ፤ ምንም ቢያደርጉ ያልፋሉ።»

«ሰባት ሰከንድ ሰባት ላይ እንዴት ይቆያል? ጊዜ ይቆማል እንዴ?»

«አይቆምም። እርስዎ እየቀረቡ ይቀንሳሉ፣ እየቀነሱ ይቀርባሉ። መንገዱም ፍጥነቱም እኩል ካነሱ የቀረው ሰዓት ያው ሰባት ነው። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት እያለ በር ላይ ያደርስዎታል።»

ሸምሰዲን ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ በጊዜ ሠርቼ አላውቅም» አለ። «የቀረውን ነው የማየው።»

«የቀረው ያታልልዎታላ! ብዙ ይመስልና በአንድ ጊዜ ያልቃል።»

«ቡና አያታልለኝም።»

«ቡና በሰከንድ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አይሄድማ!» አለ ዮኤል ከማዶ፣ የሰው ስልክ እንደ ዶሮ ብልት በትኖ ተቀምጦ።

አንዳንዴ ይሳካለት ነበር፤ አልደብቅም። ከአራት አንድ ጊዜ ይቆም ነበር። ሲቆም ግን በምን እንደቆመ አያውቅም፤ ሲያልፍ በምን እንዳለፈ አያውቅም። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ላይኛው ቁጥር ይሸሻል፤ ስድስት መቶ ሺህ፣ አራት መቶ ሺህ የሚለውን ሲያይ እጁ ይዝናናል። ሩፈይዳ ትጮኻለች። ጣቢያው ያልፋል። ዮኤል «ደርቤ!» ይላል። በመጨረሻው ሳምንት ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ አብረውት «ደርቤ!» ማለት ጀምረው ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። አባ ቦራ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከሐኪም ወጥተው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በምርኩዝ ቀስ እያሉ ገቡ። እኔም አንድ የምጽፈው ነገር ስለነበረኝ እዚያው ነበርኩ። ሁላችን ተነሣን። ሩፈይዳ እጃቸውን ስማ፣ ድጋፍ ያለውን ወንበር አመጣችና ሻይ አዘዘችላቸው። ሽማግሌው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ መረመሩት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው አባቴ» አለ ሸምሰዲን።

«ጆሮው የታለ?»

«ጆሮ የለውም።»

«ጆሮ ከሌለው መቆጣቱን በምን ታውቃለህ?» አሉና ሻያቸውን አማሰሉ። «እሺ፤ ጋልብ።»

ሸምሰዲን «ቢስሚላህ» ብሎ ተነሣ። ቡና ጭኗል። አነሣሡ ያማረ ነበር፤ ሽማግሌውም ከዋክብቱ ሲሮጡ አይተው «ማሻ አላህ» አሉ። ይሄኛው ማሻ አላህ ነው ያበላሸው ይመስለኛል። ማንሻውን እስከ ጥግ ገፋው።

ሩፈይዳን ሽማግሌው እንዳትናገር ቃል አስገብተዋታል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ከታች ያለው ቁጥር ሃያ አለ፤ አሥራ ሁለት አለ፤ ሰባት አለ። የሸምሰዲን ዓይን ግን የላይኛው ቁጥር ላይ ነበር። አራት መቶ ሺህ።

«ሱታ!» አሉ አባ ቦራ ድንገት። ቀስ በል ማለታቸው ነው። ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው ምርኩዛቸውን እንደ ልጓም በሁለት እጃቸው ሳቡት። «ሱታ! ሱታ!»

ጣቢያው በቀኝ በኩል ቭው አለ።

ዮኤል «ደርቤ» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ደርቤ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። ከዚያ ጠበቁና፣ «ፈረስ አንድ ጊዜ ይደነብራል። ያጋጥማል። ሁለተኛ ትሞክራለህ። ሦስተኛ የለም» አሉ።

ሸምሰዲን መንኮራኩሩን ከሩቅ አዙሮ አቆመው። ግንባሩ በላብ ርሷል። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ተስፋ ቆረጠ ብዬ ነበር።

«ሩፈይዳ፣ ብጣሽ ወረቀት ስጪኝ» አለ። «ፕላስተርም።»

ሰጠችው። ወረቀቷን በጥንቃቄ ቀደደና ስክሪኑ ላይ፣ ልክ የላይኛው ቁጥር ላይ፣ ለጠፋት። ጠርዟን በአውራ ጣቱ ተጫናት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ዮኤል።

«እየሸፈንኩ ነው።»

ኋላ ሳስጨንቀው ነው ያስረዳኝ። ቡናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አልጋው ይሸፈናል። ሠራተኛ ሁሉ ይቃወመዋል፤ ፀሐይ እያለ ለምን አይጨርስም ይላል። ካልተሸፈነ ግን በአንድ ከሰዓት ከሚገባው በላይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። «ለሠላሳ ሰባት ዓመት ቡናውን ከፀሐይ ስሸፍን» አለኝ፣ «ያን ቀን ራሴን ከቁጥሩ ሸፈንኩ።»

እንደገና ተነሣ። አሁን ግን ሌላ መከራ መጣ፤ ፈራ። ማንሻውን ገና ከሩቁ ቀነሰው። የታችኛው ቁጥር ሃያ ሰከንድ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሃያ ሰከንድ አለ። ሻይ አንድ ብርጭቆ ከተጠጣ በኋላም ሃያ ሰከንድ ይል ነበር። በቀረበ ቁጥር ፍጥነቱንም እየቀነሰ ስለነበር፣ ሃያዋ አልንቀሳቀስም አለች።

«ይሄ ሰከንድ» አለ ዮኤል በሹክሹክታ፣ «‹መንገድ ላይ ነኝ፣ አምስት ደቂቃ› ብሎ ገና ከአልጋው ያልወረደ ሰው ነው።»

«ኤሱማ፣ ትንሽ ይጨምሩ» አለች ሩፈይዳ ቃሏን አፍርሳ። «እንዲህ ከሄድን ሂንድ ተድራ፣ ወልዳ፣ ልጇን ይዛ ትመጣብናለች።»

ዝናቡ እንደገና ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ሸምሰዲን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ የጨው ቁንጥር ያህል ማንሻውን ገፋት። አሥራ ስድስት። ሌላ ቁንጥር። አሥራ አንድ። ዓይኑን ከታችኛው ቁጥር አልነቀለም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ዘጠኝ። ስምንት። ሰባት ሲል ወደ ሰማያዊዋ መስመር መለሰና እጁን እዚያው አደረቀው።

ሰባት።

ሰባት።

ነጥብ የነበረው ጣቢያ እንደ ለውዝ ሆነ። ሰባት። እንደ ብርቱካን ሆነ። ስድስት አለ፤ ሩፈይዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሸምሰዲን አንድ ፀጉር ያህል ወደ ኋላ ሳበ፤ ሰባት። ዮኤል ሲጠግነው የነበረውን ስልክ ረስቶት ቆሞ ነበር። እኔም ቆሜ ነበር መሰለኝ።

«አሁን!» አለች ሩፈይዳ።

የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነው። ከዋክብቱ በአንድ ጊዜ ቆሙ። ጣቢያው ከፊታችን እንደ ትልቅ የቡና መጋዘን ተገትሮ፣ መብራቱን አብርቶ፣ በሩን ወደ እኛ አዙሮ ነበር። ዳለቻ በሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ዮኤል ሁለት እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሩፈይዳ ክንዱን ያዘችው። ወደ ወንበሩ ጠቆመችው። አባ ቦራ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸው ወደ ቅንድባቸው ወርዶ፣ ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ያንኮራፉ ነበር።

ሦስት ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ሲደሰቱ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ሩፈይዳ ያለ ድምፅ ትዘላለች። ዮኤል ያለ ድምፅ ያጨበጭባል። ሸምሰዲን ብቻ አልተደሰተም። መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ የተኙትን ሽማግሌ አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«አላዩኝም» አለ በሹክሹክታ።

«እንቀስቅሳቸው?»

«ሽማግሌ ይቀሰቀሳል?»

ተቀምጠን ጠበቅን። የአሱር አዛን ሲሰማ ሽማግሌው ብድግ አሉና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«የት ደረስን?»

«ቆሟል አባቴ» አለ ሸምሰዲን።

አባ ቦራ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ። «እኔ ሲቆም አላየሁም።»

«አዎ፤ አላዩም።»

«ማን አየ?»

«እኔ አይቻለሁ!» አለች ሩፈይዳ።

«አንቺ የእህቱ ልጅ ነሽ። ለአጎትሽ ሰማዩንም ታቆሚለታለሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። ጎረቤቱ መሆኔን ስነግራቸው «ጎረቤትም ዘመድ ነው» ብለው አለፉኝ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ወደ ዮኤል ቀሰሩ። «አንተ። ከገባሁ ጀምሮ ስትስቅበት የነበርከው። ና።»

ዮኤል መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

«አባባ፣ እውነቱን ልናገር? እኔ እንዲያልፍ እየጸለይኩ ነበር። አባ ደርቤ የሚለው ስም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆመ። ማርያምን ቆመ! ማንም አልነካለትም፤ ሰባት ላይ ይዞት መጥቶ በሩ ላይ አቆመው። ምን ላድርግ?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጥርሳቸው ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስቱም ታዩ።

«የሚስቅብህ ሰው ከመሰከረልህ» አሉ ለሸምሰዲን፣ «ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ብዙ ፈረስ ገርቻለሁ። መጥፎ ፈረስ ሲገባ ውሻው ይጮሃል፣ አጥሩ ይነቃነቃል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይነሣል። ደህና ፈረስ የተኛ ሽማግሌ ሳይቀሰቅስ በር ላይ ይቆማል።»

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም እንደ እምነታችን አሜን አልን። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ በሠርጉ ቀንም በሊሙ ሰዎች ፊት እኔ ራሴ እጠራዋለሁ አሉና ወደ ሰላታቸው ሄዱ።

አባ ዳለቻ ከወንበሩ አልተነሣም። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አወጣና ቤቱ ደወለ። ድምፁን ወፈር አደረገው።

«ሄሎ፣ መድና? አባ ዳለቻ ነኝ።»

ወዲያ ማዶ ትንሽ ዝም ተባለ። የመድና ድምፅ ሁላችንም እስክንሰማው ድረስ ጥርት ብሎ መጣ።

«አባ ዳለቻ? ይቅርታ ወንድሜ፣ የቤቱ ጌታ የለም። የእህቱ ልጅ ዘንድ ጌም ሊጫወት ሄዷል። መልእክት ካለዎት ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

ዘጋችው። እሱ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ቆየ።

«ምን አለች ኤሱማ?»

«ለባሌ እነግርልዎታለሁ አለችኝ» አለ። ፈገግታው ግን ጢሙን አልፎ ጆሮው ድረስ ደርሶ ነበር።